ተኩሱ በቆመበት ቀን የተጻፈ ደብዳቤ

በኋላ 33ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሃሪ ትሩማን ቤስ ዋላስን መጀመሪያ ያያት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ነው። ቦታው በሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ በኢንዲፔንደንስ ከተማ ያለ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ነበር። እሱ 6 ዓመቱ፣ እሷ 5 ዓመቷ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ሌላ ሴት በልቡ ገብታ እንደማታውቅ እስከ እርጅናው ድረስ ሲናገር ኖሯል። በአንድ ትምህርት ቤት ተምረው በ1901 አብረው ጨረሱ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። የሃሪ አባት በእህል ንግድ ከስሮ ስለነበር ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባበት ገንዘብ አጣ። ሃሪ ካንሳስ ሲቲ ባንክ ቤት ተቀጥሮ ጥቂት ዓመታት ሠራና በ1906 ግራንድቪው ወደሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ ተመለሰ። የቤስ አባት ደግሞ በ1903 ራሱን አጠፋ። እናቷ ከዚያ ሐዘን አልወጣችም፤ ቤስም ከእናቷ ሳትለይ ቀረች።

ሁለቱ ዳግም የተገናኙት በ1910 ነው። እርሻው ከቤስ ቤት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ገበሬው ወጣት በየቀኑ ሊመላለስ አይችልም። ስለዚህ ይጽፍ ጀመር። እስከ ዛሬ ከተጠበቁት ደብዳቤዎቹ የመጀመሪያው የተጻፈው በታኅሣሥ 31፣ 1910 ነው። ስለ ሰብሉና ስለ ላሞቹ፣ ስላነበበው መጽሐፍና ስለሰማው ሙዚቃ ይተርክላታል። በሰኔ 1911 በደብዳቤ ለትዳር ጠየቃት፤ እምቢ አለችው። እሱ ግን እምቢታዋ ደግነት ያለበት መሆኑን ጠቅሶ አመሰገናትና መጻፉን ቀጠለ። በ1913 መገባደጃ ላይ ቤስ፣ የማገባው ሰው ካለ አንተ ነህ አለችው። የእናቷ ሐሳብ ሌላ ነበር። ዕዳ ያለበት ገበሬ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ሆኖ አልታያቸውም።

አሜሪካ በሚያዝያ 1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ትሩማን 33 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም፤ ዕድሜው ከግዳጅ ምልመላው አልፏል፣ የሚያርሰው እርሻ አለው፣ ዓይኑም ያለ መነጽር አያይለትም። እሱ እንደተናገረው የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ በቃሉ ሸምድዶ ፈተናውን አለፈ። ጓደኞቹ በምርጫ የመቶ አለቃ አደረጉት። ቤስ ይህን ስትሰማ ከመሄዱ በፊት እንጋባ አለችው። ስድስት ዓመት የለመነው ቃል ከእሷ አፍ ወጣ፤ እሱ ግን አይሆንም አለ። አካሉ ጎድሎ ሊመለስ ከሚችል ሰው ጋር ላስራት አይገባም የሚል ነበር ምክንያቱ። ብዙ ወንዶች በዚያው ዓመት ተቃራኒውን አድርገዋል፤ ቸኩለው ተጋብተው ዘመቱ። የትሩማን እምቢታ ግን ከዚያ በኋላ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ ጥላውን አጥልቷል። በሕግ ሚስቱ አይደለችም። እሱ ግን የሚጽፍላት ለሚስቱ እንደሚጽፍ ሰው ነው።

በመጋቢት 1918 መጨረሻ ጆርጅ ዋሽንግተን በምትባል መርከብ ከኒውዮርክ ተነሥቶ በሚያዝያ አጋማሽ ብሬስት ወደብ ደረሰ። በግራ ደረት ኪሱ የቤስ ፎቶግራፍ ነበር። ከፎቶው ጀርባ፣ ይህ ምስል ከፈረንሳይ በሰላም ይመልስህ የሚል ምኞት በእጇ ጽፋበታለች። በሐምሌ ወር የ129ኛው የመድፈኛ ሬጅመንት አንድ የመድፍ ክፍል የሆነውን ዲ ባትሪን በሻምበልነት ተረከበ። ወታደሮቹ፣ አብዛኞቹ የካንሳስ ሲቲ አይሪሽ ካቶሊኮች ሆነው ቀደም ያሉትን አዛዦች ያስቸገሩ፣ ጠብና ቀልድ የሚወድዱ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ጎረምሶች ነበሩ። እንደ ጦሩ ደንብ መኮንኖች የወታደሮቻቸውን ደብዳቤ እያነበቡ የሰፈር ስም፣ የጦር ቁጥርና የጉዞ አቅጣጫ የሚያወጣውን መስመር መሰረዝ ግዴታቸው ነበር። እሱም ራሱ በዚያው ሕግ ተይዟል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ለቤስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ብዙው ነገር ተዘልሏል። የት እንዳለ አይናገርም። ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ልጆቹ ጉብዝና ይጽፋል፤ ደኅና ነኝ ይላታል።

እውነቱ ከዚያ የከበደ ነበር። በነሐሴ 29 ሌሊት በቮዥ ተራሮች ባትሪው የጋዝ ጥይት ተኩሶ ሲጨርስ ጀርመኖች አጸፋውን መለሱ። አንድ የጦሩ አለቃ ሽሹ ብሎ ጮኸ፤ ብዙዎቹ ተበተኑ። የትሩማን ፈረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በላዩ ወደቀበት። ከሥሩ ተስቦ ሲወጣ በወጣትነቱ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የሰማውን ስድብ ሁሉ አወረደባቸው፤ ልጆቹም ተመለሱ። በመስከረም 26 ሌሊት 10 ሰዓት አልፎ 2,700 ያህል መድፎች በአንድ ላይ ተኩስ ከፍተው የሚዩዝና የአርጎን ውጊያ ጀመረ። በአሜሪካ ታሪክ ከ26,000 በላይ ወታደር የሞተበት ውጊያ ይህ ነው። ትሩማን የነበረበት 35ኛ ክፍለ ጦር በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 7,000 የሚደርስ ሰው ሞቶበትና ቆስሎበት ከግንባር ወጣ። በውጊያው ሁለተኛ ቀን ትሩማን ከክፍለ ጦሩ ወሰን ውጭ አንድ የጀርመን ባትሪ የጎረቤቱን ክፍለ ጦር ለመምታት ቦታ ሲይዝ አየ። ወሰኑን ማለፍ ትእዛዝ መጣስ ነበር። ተኩሶ ደመሰሰው። የሬጅመንቱ ኮሎኔል በወታደራዊ ፍርድ ቤት አስከስስሃለሁ ብሎ ዛተበት፤ ክሱ ግን አልመጣም። በቀጥታ እሱ በሚያዝዛቸው ልጆች ውስጥ በውጊያ የሞተ አልነበረም። ከየትኛውም ማዕረግ ይልቅ ዕድሜ ልኩን ያኮራው ይህ ነው።

በጥቅምት ወር ሬጅመንቱ ወደ ቬርደን ተዛወረ። ከሁለት ዓመት በፊት ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ለአሥር ወራት የተላለቁበት፣ 300,000 ያህል ሰው የሞተበት ምድር ነው። ከዚያ ከላካቸው ደብዳቤዎች በአንዱ ከፊት ለፊቱ ፈረንሳዮች፣ ከኋላው ጀርመኖች እንደተቀበሩ፣ ጥይት በወደቀ ቁጥር የአንዱ ሰው አካል ከመሬት እንደሚወጣ ጻፈ። የቀን ጸሎት እንደሚደጋገም ያህል የሞት ወሬ በሚሰማበት በዚህ ስፍራ ነው የጦርነቱ መጨረሻ የደረሰበት።

ኅዳር 11፣ 1918። ንጋት 11 ሰዓት ገደማ፣ በኮምፒየኝ ጫካ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ሲፈረም፣ ለትሩማንም ወሬው በስልክ ደረሰው። ተኩሱ የሚቆመው በፈረንጆቹ 11ኛ ወር፣ 11ኛ ቀን፣ 11ኛ ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2፣ 1911 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት። እስከዚያ ግን ጦርነቱ ጦርነት ነው። ባትሪው የታዘዘውን ዒላማ እየመታ ቆየ። የመጨረሻውን ጥይት የተኮሱት ለ5 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ከቬርደን ሰሜን ምሥራቅ ወዳለች ኤርሜቪል ወደምትባል ትንሽ መንደር ነው። በዚያ የመጨረሻ ቀን በሁሉም ወገን 2,700 ያህል ሰው ሞቷል። ሄንሪ ጉንተር የተባለ አሜሪካዊ ወታደር ለ5 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተገደለ።

ትሩማን በዚያው ዕለት ለቤስ ጻፈላት። ደብዳቤው በጥይትና በድል የተሞላ ነው። ጠዋት ጠላት ከማቆሙ በፊት 164 ጥይት እንደተኮሰበት፣ ባትሪው በዘመቻው በሙሉ ከ10,000 በላይ እንደተኮሰ፣ በመጨረሻው ዘመቻ ባትሪውን ለመምራት በመታደሉ ደስ እንዳለው ነገራት። ፈረንሳይ አራት ዓመት ተመትታ አልተንበረከከችም፤ ጀርመን ግን አንድ ብርቱ ምት በቃት ይላል። ከዚያ ብዕሩ ወደ ጨለማ ቦታ ገባ። ጀርመን ገብተን የልጆቻቸውን እጅና እግር መቁረጥ፣ የሽማግሌዎቻቸውን የራስ ቅል ቆዳ መግፈፍ አለመቻላችን ያሳዝናል ሲል ጻፈላት። ቀጥሎ ግን ለፈረንሳይና ለቤልጅግ ሃምሳ ዓመት ቢሠሩ ይሻላል ብሎ ሐሳቡን መለሰ።

ይህ መስመር ሊዘለል አይገባም። ጀርመኖች የቤልጅግ ሕፃናትን እጅ ቆርጠዋል የሚለው ያልተረጋገጠ ወሬ በዚያ ጦርነት ዘመን በጋዜጣና በስብከት ሲዛመት ኖሯል፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የነበረው፣ ፒያኖ የሚጫወተው፣ ሾፓንና ሞዛርትን የሚወድደው የግራንድቪው ገበሬም ወሬውን ተቀብሎ በቀሉን ለሚወድዳት ሴት ጻፈ። ለጋዜጣ ቢጽፍ ኖሮ ይህን አይጽፍም ነበር። ለታሪክ ብሎ ቢጽፍም አይጽፍም ነበር። የወታደር ደብዳቤ ለቤት ሲጻፍ የሚያተርፍልን ይህንን ነው፤ ሰውየው በዚያ ሰዓት የነበረውን እንጂ በኋላ መሆን የወደደውን አይደለም።

ማታ ላይ በአቅራቢያው የነበሩ የፈረንሳይ መድፈኞች ወይን ጠጅ ጠጥተው አንድ በአንድ እየመጡ በትሩማን አልጋ ፊት ሰላምታ እየሰጡ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ለዘላለም ይኑር፣ የአሜሪካው የመድፈኛ ሻምበልም ለዘላለም ይኑር እያሉ ጮኹ። እንቅልፍ የተኛ አልነበረም።

የደብዳቤ ምርመራው ሲላላ የተዘለለው ሁሉ መውጣት ጀመረ። በኅዳር መጨረሻ በጻፈላት ረጅም ደብዳቤ ከብሬስት ጀምሮ የረገጣቸውን ቦታዎች በስም ቆጠረላት። ስለ ቮዥ ሌሊትም ነገራት። ልጆቹ ጥይት የማይፈራ አዛዥ አድርገው ያዩታል፤ እሱ ግን ለመሸሽ እንኳ እግሩ እስኪከዳው ድረስ ፈርቶ እንደነበር ለእሷ አመነላት። በዚያች ሌሊት አብረውት የነበሩት ልጆች የማያውቁትን ነው በውቅያኖስ ማዶ ላለች ሴት የተናገረው።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ጦርነት ካለቀ በኋላ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን የአሜሪካ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ መርከብ ይጠብቅ ነበር። በጭቃ ውስጥ ልምምድ፣ ሰልፍ፣ ፍተሻ። ትሩማን ፈቃድ ወስዶ ፓሪስን፣ ኒስንና ሞንቴ ካርሎን አየ፤ ልቡ ግን ኢንዲፔንደንስ ነው። በዚህ መካከል ከቤት ክፉ ወሬ መጣ። በጥይት ያልተነካው ሰው፣ ቤስና እህቱ ሜሪ ጄን በእንፍሉዌንዛ ታመው እንደነበር ከሳምንታት በኋላ ሰማ። ያ በሽታ እኛም አገር ገብቷል። በዚያው በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው፣ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበው እሱ ነው። ወታደሩ ለቤቱ ሲሰጋ የነበረው ቤተሰቡ ለእሱ ሲሰጋ ከኖረው ባልተናነሰ ነበር፤ ሁለቱም ፊደል ያለው ወረቀት በእጃቸው እስኪገባ ድረስ የወዳጃቸውን መኖርና አለመኖር አያውቁም።

በ1919 መጀመሪያ ወራት በደብዳቤዎቹ ውስጥ ጦርነቱ እየራቀ ሰርጉ እየቀረበ መጣ። የሩሲያ መንግሥት ቀይ ሆነ አልሆነ ግድ የለንም፣ ወደ ቤታችን መልሱን እያለ ያማርራል። ኒውዮርክ መጥታ ብትቀበለው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ገብተው እንዲጋቡ ሐሳብ አቀረበላት። የጦርነቱ ዘመን የቤስ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከተረፉት አንዱ በመጋቢት 16፣ 1919 የጻፈችው ነው። የወደድከውን ጥራ፣ ሰርጉ የእኔ ብቻ ሳይሆን ያንተም ስለሆነ 35ኛውን ክፍለ ጦር በሙሉ ብትጠራም አልከለክልህም አለችው። አንባቢ ድምጿን የሚሰማው በዚህች ገጽ ነው። ጠንካራ፣ ሳቂታ፣ ስምንት ዓመት የጠበቃትን ሰው የምታውቅ ሴት ናት።

ሚያዝያ 20፣ የፋሲካ ዕለት፣ መርከቡ ኒውዮርክ ገባ። ግንቦት 6 ከጦሩ ተሰናበተ። ሰኔ 28፣ 1919 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በኢንዲፔንደንስ በትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ሙሽራው የለበሰውን ልብስ የሰፋለት አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነው፤ ሚዜውም እሱው ነበር። በዚያው ቀን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የመስታወት አዳራሽ የሰላም ውሉ ተፈረመ። በእኛ ሰኔ 21፣ የእመቤታችን ዕለት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በወረቀት ላይ ያለቀው ሻምበል ትሩማን ቤስን ሚስቴ ባለበት ቀን ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ከጦር ጓደኛው ጋር የከፈተው የልብስ ሱቅ ከሰረ፤ ትሩማን ወደ ፖለቲካ ገባ፤ ሴናተር፣ ከዚያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ሚያዝያ 12፣ 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲሞት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእጁ ወደቀ። በሐምሌ ወር ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ለመነጋገር ፖትስዳም ሄደ። ቤስ ኢንዲፔንደንስ ነበረች፤ እሱም እንደ ልማዱ ጻፈላት። በ1918 ለመርገጥ የተመኘውን አገር አሁን በዓይኑ አየው። በርሊን ፈርሳለች። ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት የተረፈ ጓዛቸውን እየጎተቱና እየተሸከሙ መድረሻ በሌለው መንገድ ሲሰለፉ ተመለከተ፤ ሐዘኑን በማስታወሻ ደብተሩ አሰፈረ። ለቤስም እንዲህ የፈረሰ ከተማ እንዳላየ፣ ሽታው፣ የሰዉ የተሰበረ ፊት እንዴት እንደሆነ ነገራት፤ ይህን ያመጡት ግን ራሳቸው ናቸው ማለቱ አልቀረም። በሐምሌ 18 በጻፈላት ደብዳቤ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ጃፓንን እንደምትወጋ ቃል መግባቷን ነግሯት፣ ጦርነቱ አሁን አንድ ዓመት ቀድሞ ያልቃል፤ የማይሞቱትን ልጆች አስቢ አላት።

የዲ ባትሪ አዛዥ ድምፅ በዚያ አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ነገር ግን ከዚያ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነሐሴ 6 ሂሮሺማ፣ ነሐሴ 9 ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ተመቱ። በዓመቱ መጨረሻ በሁለቱ ከተሞች የሞተው ሕዝብ እስከ 200,000 እንደሚደርስ ይገመታል። የማይሞቱትን ልጆች ያሰበው ሰው የሚሞቱትን ልጆች የያዘውን ትእዛዝም ሰጥቷል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ማስታወስ ቀላል ነው፤ ደብዳቤዎቹ ግን ይህን አይፈቅዱልንም። ነሐሴ 14 ማታ 1 ሰዓት የጃፓንን መሸነፍ በዋይት ሐውስ አወጀ።

በ1950 በኮሪያ ጦርነት ሲነሣ አሜሪካን ያስገባው እሱ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር የዘመተው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ፑሳን የደረሰው በዚያ ጦርነት ነው። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ የተማረከ አልነበረም። ተኩሱ በሐምሌ 1953 ሲቆም ትሩማን ሥልጣኑን ለቅቆ ወደ ኢንዲፔንደንስ ተመልሶ ነበር።

በ1955 የገና ሰሞን ቤስ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ወረቀት ስታቃጥል አገኛት ይባላል። ለእሱ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። ታሪክን አስቢ አላት። አስቤያለሁ ብላ ማቃጠሏን ቀጠለች። መብቷ ነበር፤ የተጻፉት ለአንድ ሰው ነው። የእሱን ደብዳቤዎች ግን ጠብቃ አቆየቻቸው። ትሩማን በ1972 ሞተ፤ እሷ በጥቅምት 1982 በ97 ዓመቷ ስትሞት በቤቱ ውስጥ ከ1,300 በላይ የእሱ ደብዳቤዎች ተገኙ። ዛሬ በኢንዲፔንደንስ በስሙ በተሠራው ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ከእሷ የተረፉት ሁለት መቶ አይሞሉም። ስለዚህ ይህ ረጅም ጭውውት በአብዛኛው የሚሰማው በአንድ ድምፅ ነው።

ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በኮሪያ፣ በኦጋዴንና በሰሜን ግንባር የዘመቱ ኢትዮጵያውያን፣ መጻፍ የሚችሉት በእጃቸው፣ የማይችሉት በጓደኛቸው እጅ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ ብለው የጀመሩዋቸው ደብዳቤዎች በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አሉ። አባቶች ሲያርፉ ሣጥኑ ይጸዳል፤ ወረቀቱ ከአሮጌ ልብስ ጋር ይጣላል። የጄኔራሎች ማስታወሻ ይታተማል፤ ባለማዕረግ ያልሆነው ወታደር ምን እንደፈራ፣ ማንን እንደጠላ፣ ተኩሱ ሲቆም ምን እንደተመኘ የሚናገረው ግን ያ ወረቀት ነው። መስመሩ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ይቀመጥ። የሚስቶችም መልስ አብሮ ይቀመጥ፤ የቤት ኪራዩን፣ የልጁን ሕመምና የሌሊቱን ሥጋት ያወቀችው እሷ ናትና። ሣጥኑን ከመጣል በፊት መክፈት፣ ማንበብ፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድም ለአገር ቤተ መዛግብትና ለዩኒቨርሲቲዎች ቅጂውን መስጠት የእኛ የልጆችና የልጅ ልጆች ሥራ ነው።